25 ተብሎ የሚሸጠው ቧንቧ ቀዳዳው 16.6 ነው፦ የፒፒአር ቧንቧ ግምገማ

አዲስ አበባ ውስጥ በቅርብ ዓመታት የተሠራ ቤት ግድግዳው ቢፈነቀል ከውስጡ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ፒፒአር ነው። አረንጓዴ ወይም ነጭ፣ በ4 ሜትር ዘንግ የሚሸጥ፣ በማሽን ግሎ የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ። እኔ የሳኒተሪ ሥራ የጀመርኩት በብረት ቱቦ ነው። ጥርስ እያወጣሁ፣ ቃጫ እየጠቀለልኩ። ፒፒአር ሲመጣ ጮቤ ከረገጡት ውስጥ ነኝ። ዛሬም ብትጠይቁኝ ጥሩ ዕቃ ነው እላለሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስለዚህ ቧንቧ የሚወራው ሁሉ «አይዝግም፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ይሻላል» ላይ ያቆማል። ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ምን ያህል ግፊት ያጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሻጩ አይጠይቅም። ባለቤቱ አይጠይቅም። ብዙው የሙያ ባልደረባዬም አይጠይቅም። ስለዚህ የዚህ ግምገማ ነገር እሱ ነው። የብራንድ ስም አልጠራም። የምጠቅሳቸው ልኮች ዲአይኤን 8077 በሚባለው የጀርመን ደረጃ የተቀመጡ ናቸው። ደረጃውን ጠብቆ ለተመረተ ለማንኛውም ፒፒአር ይሠራሉ።

ከቁጥሩ እንጀምር። ቧንቧው ላይ የተጻፈው የውጭ ስፋት ነው። 20 የሚለው ቧንቧ በውጭ ሲለካ 20 ሚሊ ነው። ውሃው ግን በፕላስቲኩ ውስጥ አይሄድም። ሱቅ ውስጥ ዝም ብላችሁ ፒፒአር ካላችሁ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ፒኤን20 የሚባለው ወፍራሙ ነው። የ20ው ግድግዳ 3.4 ሚሊ ነው። ከሁለቱም ወገን ቀንሱት፤ 13.2 ይቀራል። የ25ቱ ግድግዳ 4.2 ነው፤ ቀዳዳው 16.6። የ32ቱ ግድግዳ 5.4 ነው፤ ቀዳዳው 21.2።

አሁን ከብረቱ ጋር አስተያዩት። የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ፣ መካከለኛው ውፍረት፣ ውስጡ 16.1 ሚሊ ገደማ ነው። የሦስት አራተኛ ኢንቹ 21.7 ገደማ። እንግዲህ ከግማሽ ኢንች ብረት ጋር በቀዳዳ የሚመጣጠነው የ25 ፒፒአር ነው። ከሦስት አራተኛው ጋር ደግሞ የ32ቱ። ሱቅ ውስጥ የሚባለው ግን እንዲህ አይደለም።

አንድ ቀን ተክለሃይማኖት ዕቃ ሳስጭን አንድ ወጣት ገባ። የቤተሰቡን ቤት ከብረት ወደ ፒፒአር ሊቀይር ነው። «ግማሽ ኢንች ፒፒአር አለህ?» አለ። ሻጩ ቀና ሳይል «ሃያ ማለት ነው፤ ስንት ዘንግ?» አለው። ሻጩ አልዋሸም። በ20ው መገጣጠሚያ ጫፍ ላይ ያለው የነሐስ ጥርስ ግማሽ ኢንች ነው፤ የለመድነው ሩቢኔት ይገጥምበታል። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ልጁ ግን 16 ሚሊ ቀዳዳ አውጥቶ 13 ሚሊ ሊያስገባ ነው። ውሃው የሚያልፍበት ቦታ በአንድ ሦስተኛ ጠበበ ማለት ነው። «ወንድሜ፣ ዋናውን መስመር እንኳ ሠላሳ ሁለት አድርገው፣ ቅርንጫፉን ሃያ አምስት» አልኩት። ሻጩ ገልመጥ አደረገኝ። «አለቃ፣ እሱ እኮ የጠየቀው ግማሽ ኢንች ነው።»

አንድ ሦስተኛ ቢጠብ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ውሃው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ቢቀንስ ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ውሃው የሚያጣውን ግፊት የማሰላው ሔዘን እና ዊሊያምስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች በተዉልን ቀመር ነው። ሠንጠረዦቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1905 አሳትመዋል፤ እስካሁን የውሃ መስመር የሚያሰላ ብዙ ሰው ይገለገልበታል። የሚጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው፦ የውሃው መጠን፣ የቧንቧው ርዝመት፣ የቀዳዳው ስፋትና የውስጡን ልስላሴ የሚገልጽ «ሲ» የሚባል ቁጥር። ሲ ለፕላስቲክ ከ140 እስከ 150 ይያዛል። ለአዲስ ጋልቫናይዝድ 120፣ ላረጀው 100 እና ከዚያ በታች። እኔ ለቀጫጭን ፒፒአር 140 እይዛለሁ። በጠባብ ቀዳዳ 150 ከያዛችሁ የግፊት ኪሳራው ከእውነተኛው አንሶ ይወጣል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያማረው ሻወር ላይ ይከዳችኋል። የዳርሲና የቫይስባክ የሚባለው ሌላው ቀመር ይበልጥ ትክክለኛ ነው። ሆኖም ግንባታ ላይ ቆሞ በስልክ ለሚያሰላ ሰው አድካሚ ነው። ሲን 140 ከያዛችሁ በቤት ውስጥ ቧንቧ ላይ ሁለቱ ይቀራረባሉ።

ለአንድ ሻወር በሰከንድ 0.15 ሊትር እንያዝ። በደቂቃ 9 ሊትር ማለት ነው፤ ደህና ሻወር ነው። ይህን ውሃ የ20 ፒኤን20 ውስጥ ስትለቁት በእያንዳንዱ ሜትር 13 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበላል (ግፊቱን የምንለካው በውሃ ከፍታ ነው)። በ25ቱ 4.4 ሴንቲ ሜትር። በ32ቱ 1.3። ከ20 ወደ 25 አንድ ደረጃ ስትወጡ ኪሳራው ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ቀዳዳው በግማሽ ቢጠብ ደግሞ ኪሳራው 29 እጥፍ ይሆናል። ውሃው በእጥፍ ሲጨምር ኪሳራው 3.6 እጥፍ ይሆናል። ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

በነገራችን ላይ ያንን የልጁን አሮጌ ብረት አስልቼው ነበር። ግማሽ ኢንች፣ ሲን 100 አድርጌ፤ በሜትር 9.4 ሴንቲ ሜትር። ማለትም ዝገቱ ቀዳዳውን ካልደፈነው አሮጌው ብረት ከአዲሱ የ20 ፒፒአር ይሻላል። ብረቱ ሲው ወደ 80 እስኪወርድ ቢያረጅ ነው ሁለቱ የሚስተካከሉት። ሰው ገንዘቡን ከስክሶ፣ ግድግዳ አስፈልፍሎ፣ ሴራሚክ አስነቅሎ፣ ሻወሩ ከድሮው ሲብስበት «ፒፒአር ቀሽም ነው» ይላል። ቀሽሙስ ቧንቧው አልነበረም።

የአምራቾችን ሠንጠረዥ የምታዩ ከሆነ ኪሳራው በሚሊባር በሜትር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አትደናገጡ። 1 ሚሊባር ማለት 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው ብላችሁ ያዙት። 10 ሜትር ውሃ 1 ባር ነው። ለቤት ሥራ ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ የሚያሳስበኝ እኛ ከተማ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ነው። ከለገዳዲም ይምጣ ከገፈርሳ ወይም ከአቃቂ ጉድጓድ፣ አብዛኞቻችን ሻወር የምንወስደው ከመስመሩ ሳይሆን ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ሮቶ ነው። መስመሩ ጥሩ ግፊት ባለው ሰፈር 20ውም ያስኬዳል። 3 ወይም 4 ባር ካላችሁ 2 ሜትር ቢጠፋ አይሰማችሁም። ሮቶ ላይ ግን ያላችሁ ከፍታ ብቻ ነው። እሱም በእጅ የሚለካ ነው።

አንዱን ቤት ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ሰሚት አካባቢ ጂ+1 ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጣሪያው ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ በአጭር የብረት ማቆሚያ ተቀምጧል። የሮቶው ወለል ፎቅ ላይ ካለው የሻወር ራስ በ2 ሜትር ብቻ ይበልጣል። ከሮቶው የሚወርድ 8 ሜትር የጋራ መስመር አለ፤ ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ፎቁ መታጠቢያ፣ ሌላው ታች ወጥ ቤት። ሁሉም የ20 ፒኤን20 ነው። ሲጀመር እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ሻወር ስገባ ታች ቧንቧ እንዳይከፈት በር ላይ ሰው አቆማለሁ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እያለ ውሃው ጥርግ ይላል።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የወጥ ቤቱ ሩቢኔት ከሻወሩ ራስ 4 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እሱ 6 ሜትር ከፍታ አለው፣ ሻወሩ 2። ሲከፈት የጋራውን መስመር ውሃ ወደራሱ ይጎትታል። ሁለቱ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 0.15 ሊትር ይፈልጋሉ እንበል። በጋራው መስመር 0.3 ሊትር ማለፍ አለበት። ያቺ 3.6 እጥፍ ያልኳችሁ እዚህ መጣች። በ20ው ቧንቧ ኪሳራው በሜትር ከ13 ወደ 48 ሴንቲ ሜትር ይዘላል። 8 ሜትር ሲሆን 3.84 ሜትር። ሻወሩ ያለው ጠቅላላ ሀብት 2 ሜትር ነው። ገና ቅርንጫፉ አልተነካም፣ ጎሚቶ (መስመሩ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) አልተቆጠረም። የሌለ ገንዘብ ሲወጣ ቼኩ እንደሚመለሰው፣ ውሃውም አይመጣም።

ለመምህርቷ ከእኔ በፊት የመጣ ባለሙያ ፓምፕ ግዙ ብሏቸዋል። ፓምፕ ይሠራል፤ አልክድም። ግን ያንን 0.3 ሊትር በ13.2 ሚሊ ቀዳዳ ስትገፉት ፍጥነቱ በሰከንድ 2.2 ሜትር ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ የሚያፏጭ ቧንቧ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተመልሰን እዚያው። ሌላው የተሰጣቸው አማራጭ ሮቶውን ማንሳት ነበር። በስሌት ካየነው በዚያው በ20ው መስመር ያንን ውሃ ለማግኘት ሮቶው ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ማለት አለበት። 2 ቶን ውሃ፣ ሦስት ሜትር ማማ ላይ፣ የመኖሪያ ቤት ጣሪያ አናት ላይ። እኔ ከሥሩ አልተኛም።

እኛ የጋራውን 8 ሜትር በ32 ቀየርነው። በውጭ በኩል በሻፍቱ (ለቧንቧ በተተወው ክፍት መውረጃ) ስለሚወርድ ብዙ መፈልፈል አልጠየቀም። በ0.3 ሊትር ኪሳራው 38 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። የሻወሩን ቅርንጫፍ፣ 5 ሜትርና 6 ጎሚቶ፣ በ25 አደረግነው፤ ከነጎሚቶው 35 ሴንቲ ሜትር። ድምሩ 73 ሴንቲ ሜትር። ከ2 ሜትሩ 1.27 ለሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛውን ለሚቀላቅለው ሩቢኔት) እና ለሻወሩ ራስ ተረፈ። የወጥ ቤቱን አልነካነውም፤ ለእሱ 20ው በቂው ነው፣ ጥበቱ እንዲያውም ውሃ እንዳይሻማ ይረዳል። መምህርቷ በስልክ «በር ላይ የቆመውን ሰው አሰናብቻለሁ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጋጥም ነገር አለ። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሁሉንም 32 አድርግልኝ» ይላል። አይሆንም። የሻወሩን ቅርንጫፍም 32 ብናደርገው የምናተርፈው 23 ሴንቲ ሜትር ነው። በምትኩ የ32 ጎሚቶ ግድግዳ ውስጥ በቀላሉ ሊገባ ስለማይችል ጠልቆ መፈልፈል አለ። ሙቅ ውሃ መስመር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የ25ቱ 1 ሜትር 0.22 ሊትር ይይዛል፣ የ32ቱ 0.35። ከቦይለሩ 10 ሜትር የራቀ ሻወር ላይ ሙቁ እስኪደርስ የሚደፋው ቀዝቃዛ ውሃ ከ2.2 ሊትር ወደ 3.5 ይወጣል። በየቀኑ፣ በየሰዉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ማድረግ ያሳፍራል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ፒኤን20 ለምን? ፒኤን የሚለው ቁጥር ቧንቧው በ20 ዲግሪ ውሃ ለረጅም ዘመን የሚችለው ግፊት ነው፣ በባር። ሙቀቱ ሲጨምር ይህ አቅም በጣም ይወርዳል፤ ስለዚህ ለሙቅ ውሃ ወፍራሙን መግዛት ተገቢ ነው። ለቀዝቃዛውስ? ከሮቶ የሚወርድ መስመር በሁለት ፎቅ ቤት 1 ባር እንኳ አይሞላም። 20 ባር የሚችል ቧንቧ አንገዛም ማለት አይደለም፤ ግን ለጥንካሬው የምንከፍለው በቀዳዳው ነው።

ፒኤን10 የሚባለው ቀጭኑ ዓይነት 25ቱ ግድግዳው 2.3 ሚሊ ብቻ ነው። ቀዳዳው 20.4 ሚሊ ይሆናል። ደግሜ ልበለው፤ የ25 ፒኤን10 ቀዳዳ 20.4፣ የ32 ፒኤን20 ቀዳዳ 21.2። ለጥቂት ነው የማይደርስበት። በዚያ 8 ሜትር ላይ በ0.3 ሊትር 46 ሴንቲ ሜትር ያጣል፤ የ32 ወፍራሙ 38። ቀለል ያለ፣ በቀላሉ የሚገጠም፣ ፕላስቲኩም ያነሰ። መገጣጠሚያዎቹ ያው ናቸው፤ የውጭ ስፋቱ አንድ ስለሆነ የ25 ጎሚቶ ለሁለቱም ይሆናል።

ታዲያ ለምን አንጠቀምበትም? አንደኛ፣ ሱቅ ውስጥ ሁሌ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ በእጁ ጨመቅ አድርጎ «ይሄማ ሳሳ» ይላል። ሦስተኛው ምክንያት ግን ተገቢ ነው። ግንባታ ላይ ቀዝቃዛና ሙቅ ሲምታታ ቀጭኑ ሙቁ ላይ ሊገባ ይችላል። ይህ ከባድ ስህተት ነው። ስለዚህ የምትጠቀሙበት የሚቆጣጠር ሰው ካለ ብቻ ይሁን። ከሌለ መሃለኛውን ፒኤን16 ያዙ፤ የ25ቱ ግድግዳ 3.5 ነው፣ ቀዳዳው 18።

ብየዳው ላይ ብዙ የማይታይ ኪሳራ አለ። ማሽኑ 260 ዲግሪ ይግላል። 20ው 5 ሰከንድ፣ 25ቱ 7 ሰከንድ፣ 32ቱ 8 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከዚያ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። ብዙ ልጆች «ይጠንክር» ብለው 10 እና 12 ሰከንድ ያቆዩታል። አንድ ጊዜ ውሃ አላሳልፍ ያለ ጎሚቶ ቆርጬ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ከውስጥ ቧንቧው የገባበት ጫፍ ላይ የቀለጠው ፕላስቲክ እንደ ከንፈር ተገልብጦ ወጥቷል። ዙሪያውን ነው። 13 ሚሊ የነበረው ቀዳዳ የትንሿን ጣቴን ጫፍ እንኳ አያስገባም። ከውጭ ሲታይ ብየዳው የሚያምር ቀለበት ነበረው፤ ማንም ባለቤት አይቶ «ጎበዝ» የሚለው ዓይነት።

ጤነኛ ጎሚቶ ራሱ በ20ው ቧንቧ ላይ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቧንቧ ያህል ይበላል። የተሞላው ስንት እንደሚበላ ሠንጠረዥ አይነግራችሁም። በጠባብ ቧንቧ ላይ አንድ ሚሊ ከንፈር ከባድ ነው፤ በ25 እና በ32 ላይ ያው ከንፈር ብዙም አይሰማም። ሰፋ ያለ ቧንቧ የምመክርበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። የብየዳ ጥፋትን ይቅር ይላል። ለሠራተኛ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ ቧንቧው ላይ የሚገባበትን ጥልቀት በእርሳስ ምልክት አድርግ። ለ20ው 1.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከምልክቱ አልፎ እስከ መጨረሻው መግፋት ነው ከንፈሩን የሚያወጣው።

ሌሎቹን ቅሬታዎች አሳጥሬ ልለፋቸው። ፒፒአር በሙቀት ይረዝማል። 4 ሜትር ዘንግ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 2.4 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ብረት ቢሆን 2 ሚሊ ብቻ ነበር። ኮርኒስ ውስጥ ያለ የሙቅ መስመር እንደ እባብ ተጣምሞ ያያችሁት ለዚህ ነው። ፋይበር ያለው ዓይነት ይሻላል። ፀሐይም ጠላቱ ነው። ጣሪያ ላይ ገላጣ ሆኖ የተተወ ፒፒአር ቀለሙ ይነጣል፣ ከዚያ ይሰባበራል። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የፀሐዩን ነገር ታውቁታላችሁ። ሸፍኑት። ከሶላር ሂተር በቀጥታ የሚወጣውን የመጀመሪያውን መስመር ደግሞ በፒፒአር አትሥሩ፤ እዚያ የሚወጣው ውሃ አንዳንዴ ከሚችለው በላይ ይሞቃል። ብረት ወይም መዳብ አድርጉ።

ከፍታውን ካነሳሁ አይቀር፣ ከምድር ውስጥ ታንከር በፓምፕ የምትስቡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። የፓምፑ መመሪያ ላይ የተጻፈው የመሳብ ጥልቀት ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ ነው፤ ባሕር ዳር ከተማን ማለቴ አይደለም። እዚያ አየሩ ውሃን እስከ 10 ሜትር ይገፋል፤ አዲስ አበባ ላይ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚህ ላይ የመሳቢያው ቧንቧ ጠባብ ከሆነና ሰበቃው ከተጨመረ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ይጮሃል፣ ይቃጠላል። የመሳቢያውን ቧንቧ ሁልጊዜ ከመግፊያው አንድ ደረጃ አስፉት።

ግድግዳ ከመፈልፈላችሁ በፊት ግን ጥፋቱ የቧንቧው መሆኑን አረጋግጡ። ምንም አያስከፍልም። የሻወሩን ራስ ፍቱት። ባልዲ ሥር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። 10 ሊትር ባልዲ በ67 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 0.15 ሊትር እያገኛችሁ ነው። ራሱ ሲፈታ ውሃው ጥሩ ሆኖ ራሱ ሲገጠም ከሞተ ጥፋቱ የሻወሩ ራስ ነው። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ሚክሰሮችና የሻወር ራሶች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፤ 2 ሜትር ሮቶ የሚሰጣችሁ 0.2 ነው። ቀዳዳው ሰፋ ያለ፣ ርካሹ የሻወር ራስ ብዙ ጊዜ ከውዱ ይሻላል። ራሱ ተፈትቶም ውሃው ከቀጠነ፣ ወይም ብቻውን ደህና ሆኖ ሌላ ሩቢኔት ሲከፈት ከጠፋ፣ ያኔ ቧንቧው ነው። ሁለተኛው ምልክት የጋራው መስመር መጥበቡን ነው የሚናገረው፤ ቅርንጫፉን መንካት አያስፈልግም። ይህን ሳይለዩ ሙሉ መታጠቢያ ቤት ያፈረሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፦ የ32 እና የ25 ፒፒአር ለቀዝቃዛ ውሃ ከ5 አራት ተኩል። ለሙቅ ውሃ፣ ፒኤን20 ሆኖ በአግባቡ ከታሰረ፣ ሦስት ተኩል። የ20 ፒኤን20 ለአንድ ሩቢኔት፣ ከ3 ሜትር ላልበለጠ ርቀት፣ ሦስት። ያው የ20ው ከሮቶ ለሚወርድ የጋራ መስመር፣ ዜሮ። ሱቅ ስትሄዱ «ግማሽ ኢንች» አትበሉ፤ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሌላችሁ የዘንጉ ጎን ላይ የታተመውን አንብቡ። 25 x 4.2 ወይም 25 x 2.3 ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛውን ቁጥር በሁለት አባዝታችሁ ከመጀመሪያው ቀንሱ። ምንም ያልታተመበትን ዘንግ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።